በዘፈኑ ጫፍ የቀረች እናቴ

ሰሞኑን እዚህ ድሬ፣ ከፊራ ገበያ ላይ ያንን ዘፈን የማይከፍት ባጃጅ የለም። ከኋላ መቀመጫው ሥር የተቀበረው ድምፅ ማጉያ እየተንቀጠቀጠ በሱቃችን በር ሲያልፍ መጀመሪያ ከበሮው ይመጣል፣ ቀጥሎ ኦርጋኑ፣ ከዚያ ያ ሰውዬ ስኳር የበዛበት ሻይ የመሰለ ድምፁን ይለቀዋል፤ እኔም ባጃጁ ታጥፎ እስኪጠፋ ድረስ እግሬን ከስፌት መኪናው ፔዳል ላይ አንሥቼ እጠብቃለሁ። አብረውኝ የሚሰፉት ልጆች ይስቃሉ። "ሰሙ፣ ዘፈንሽ መጣልሽ!" ይሉኛል። በስልኬም ስደጋግመው ስለሚሰሙኝ በጣም የምወደው ይመስላቸዋል፣ አንድ ያመለጠኝን ልጅ እያስታወስኩ ነው ብለው የሚያሙኝም አሉ። እኔ ሰው ፊት አፌ ስለማይፈታ ቀና ሳልል ክሬን በጥርሴ በጥሼ ሥራዬን እቀጥላለሁ። ያንን ዘፈን ግን እጠላዋለሁ። የዚህን ያህል የምጠላው ነገር በዚህ ከተማ የለም፣ የዚህን ያህል ደጋግሜ የሰማሁትም የለም።

ወቅቱ የሠርግ ነው። ረመዳን ሳይገባ ልጁን መዳር የፈለገ ሁሉ ጨርቁን ተሸክሞ እኛ ጋ ይመጣል፣ ስሱ ድሪያ፣ ከሥሩ የሚለበሰው ጎገራ፣ የሙሽራዋ ሳቲን፣ የሚዜዎቹ ሺፎን ጣሪያ ሊነካ ትንሽ ይቀረዋል፣ ሁሉም "ለነገ" ነው። እንዲህ ባለው ሳምንት ቀኑን የሚገፋልኝ ዘፈን ነው። ዘፈኖቼን እንደ ጨርቁ ነው የምከፍላቸው፤ ለረጅም ቀጥ ያለ ስፌት ፈጠን ያሉትን፣ ለቅምቀማ ለስለስ ያሉትን። ያንን ዘፈን ግን ሳቲን በያዝኩበት ቀን አልከፍተውም። ሳቲን ላይ የውሃ ጠብታ ቢወድቅ ሲደርቅ እንኳ ቦታውን ያሳያል፣ አንዴ ያንዲት ሙሽራ ደረት ላይ ምልክት ትቼ አለቃዬ ጣሪያውን በጩኸት ልታስነሣው ነበር። ጥጥ ሲሆን ግን ችግር የለም። ጥጥ እንባን ጠጥቶ ዝም ይላል።

እንደ ጥጡ ዝም ብዬ የኖርኩትን ነገር ነው አሁን የማወራው።

እናቴ ጅቡቲ የሄደችው እኔ የወተት ጥርሴ ሳይነቀል ነው። እዚያ ሰው ቤት ልብስ እያጠበችና እየተኮሰች ትሠራ ነበር። እኔን የተወችኝ መጋላ ሰፈር፣ ወንድሟ ቤት ነው። አብቲ ረሺድ እለዋለሁ፤ የእናት ወንድም በኛ ቤት እንዲህ ነው የሚጠራው። በመልካ ጀብዱ መንገድ ጭነት የሚያገናኝ ደላላ ነበር፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ሽቶው ከሱ ቀድሞ ቤት የሚገባ፣ የሰፈሩ ሰው በሙሉ የሚወደው። በግቢያችን ትልቁ ሀብት የሱ ቴፕ ነበር፤ በዳንቴል ሸፍኖ ከፍ አድርጎ ያስቀምጠዋል፣ ልጆች ባጠገቡ ስናልፍ እንኳ እጃችንን ወደ ኋላ አድርገን ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ ውሻውን ሁሉ ከግንብ ሥር ሲለጥፈው፣ ጓደኞቹ ጫታቸውን በሙዝ ቅጠል ጠቅልለው ይመጣሉ፣ ዳንቴሉ ይነሣል፣ ዘፈን ይጀመራል።

እናቴ መጻፍ አትችልም ነበር። እንደ ብዙዎቹ ጅቡቲ እንደሄዱት ሴቶች በካሴት ነበር የምታወራን። ከሚያሠሯት ሰዎች ባገኘችው ትንሽ ቴፕ ድምፅዋን ትቀዳለች፣ በባቡር እየተመላለሰች የምትነግደው ጎረቤታችን አዴ ዘይነባ ካሴቱን ከሺቲ ቀሚሷ ሥር፣ ከደረቷ አስገብታ ታመጣዋለች። ፈታሾች ጨርቁንም ሳሙናውንም ሲወስዱባት ካሴቱን ግን አንድ ጊዜም አላስነካችም። ስትሰጠን ሞቆ ነው የምንቀበለው። ልጅ ስለነበርኩ የእናቴ ሙቀት ይመስለኝ ነበር፣ የአዴ ዘይነባ ደረት መሆኑን ስረዳ ትንሽ ተናድጃለሁ።

ካሴቱ አንድ ነበር። ሁለቱንም ፊት ሞልታ ታወራለች፤ ማን እንደታመመ ትጠይቃለች፣ ፀጉሬን ማን እንደሚሠራኝ ትጠይቃለች፣ የቤቱን እመቤት ድምፅ እያስመሰለች ታስቃለች፣ ደግሞ መሐል ላይ ድንገት "ይዞራል? ይሄ ነገር ይዞራል?" ትላለች፣ ካሴቱ መዞሩን ካየች በኋላ "ይዞራል" ብላ ትቀጥላለች። ሁልጊዜ ወሬ ሲያልቅባት ትዘፍናለች። ከኋላዋ የሚንቋቋ ቬንቲላተር አለ። እኛ ሰምተን ስንጠግብ በላዩ ላይ የኛን ቀድተን ያንኑ ካሴት እንመልስላታለን፤ እሷም የኛን ሰምታ ስትጠግብ በላዩ ላይ የሷን ትቀዳለች። ሌላ ካሴት መግዛት ለማንም አልታየውም። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሲያደርግ የኖረው እንደዚያ ነው። ካሴት ከላዩ ጠርዝ ላይ ሁለት ትንንሽ ጥርሶች አሉት፣ እነሱን ሰብረሽ ከጣልሻቸው በላዩ መቅዳት አይቻልም፣ ድምፁ እንደተቀዳ ይኖራል። የኛ ካሴት ጥርሶች አልተሰበሩም፤ መመለስ ነበረበታ! ዛሬም አሮጌ ካሴት የትም ባይ መጀመሪያ ጥርሶቹን ነው የማየው።

መልስ የምንቀዳበት ቀን በግቢው ትልቅ ቀን ነበር። አብቲ ረሺድ ዳንቴሉን አንሥቶ ሁለቱን ቁልፎች አንድ ላይ ይጫንና በጣቱ "ጀምሩ" ይላል፤ ጎረቤቱ እየተሰለፈ ሰላምታውን ይናገራል፣ አንዱ በኦሮምኛ፣ አንዷ በሱማልኛ፣ አንዷ ደግሞ ስሟንና ሰፈሯን እንደ ቀበሌ ስብሰባ አስተዋውቃ ነው የምትጀምረው። የኔ ተራ ሲደርስ ግን አፌ ይደርቃል።

"ተናገሪ እንጂ! ካሴቱ እየሄደ እኮ ነው!" ይለኛል አብቲ።

አልችልም። ፊቴን ወደ ቴፑ አስጠግቼ እተነፍሳለሁ፣ በቃ። እናቴ በሚቀጥለው ካሴት ላይ እየሳቀች "ትንፋሽሽን ሰማሁት እኮ የኔ እናት፤ ጉንፋን ይዞሻል፣ ውጪ እንዳትተኚ" አለችኝ። እውነትም ጉንፋን ይዞኝ ነበር።

ካሴቱ ለመጨረሻ ጊዜ የመጣው ሦስተኛ ክፍልን ስጨርስ ነው። መጨረሻው ላይ ራሷ የገጠመችውን ዘፈነች፦

ሙቀቱ ፈጀኝ እኔን ከባሕሩ ጎራ፣
ለልጄ ጥላ ሁኚ፣ አደራ ከዚራ።

ከትምህርት ቤት የምመለሰው በከዚራ በኩል መሆኑን ስለምታውቅ ነው፤ እዚያ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ዛፍ ነው፣ በዚያ በኩል ከሄድሽ ፀሐይ ጭንቅላትሽን አያገኘውም። ሰምቼ ስጨርስ አንድ ነገር ወሰንኩ። በዚህኛው መልስ እናገራለሁ። ከመናገርም ይበልጥ እዘፍናለሁ፣ ዘፈኗን መልሼ እዘፍንላታለሁ። ከዛፎቹ ሥር እየሄድኩ፣ ሰው ሲመጣ እያቆምኩ፣ ሰው ሲያልፍ እየቀጠልኩ ተለማመድኩት። አንዲት ሴትዮ ብቻዬን ሳወራ አይታኝ ቢስሚላህ ብላ መንገድ ቀይራለች።

የምንቀዳበት ቀን ሲደርስ አብቲ ረሺድ "በሚቀጥለው ባቡር" አለ። አዴ ዘይነባ ባዶ እጇን ሄደች። በሚቀጥለው ባቡርም "በሚቀጥለው" አለ። ሦስተኛ ጊዜ ካሴቱ የት እንዳለ ሄጄ አየሁ፤ ከቴፑ ውስጥ ነበር። ከአንድ ጓደኛው አዲስ የወጣ የዘፈን ካሴት ተውሶ፣ ባዶ ካሴት አጥቶ፣ የእናቴን ካሴት ሁለቱንም ፊት በዘፈን ሞልቶታል። የመጨረሻው ዘፈን ያ ዘፈን ነው። እሱን እየመላለሰ፣ ጓደኞቹ ጉንጫቸውን ሞልተው በእጃቸው መሬቱን እየመቱ ይሰሙታል።

በሩ ላይ ቆሜ ስቀር አየኝ።

"አብሽሪ፣ ሌላ ካሴት እገዛለሁ፤ እናትሽ እንደሆነ አፏ አያርፍ፣ ሌላ ትልካለች።"

ሳቁ። እኔም ፈገግ ያልኩ ይመስለኛል፣ ልጅ ትልቅ ሰው ሲስቅ ይስቃል። አብሽሪ! በድሬ ሰው እግርሽን ረግጦሽ አብሽሪ ይላል፣ ዕቃሽን ሰብሮ አብሽሪ ይላል። አይዞሽ ማለት ነው፣ ደግ ቃል ነው፣ ሌላ አገር የለም እያልን እንኮራበታለን። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ቃል የሚለኝን ሰው እጁን ነው የማየው፣ ምን ሰብሮ እንደመጣ።

ሌላ ካሴት አልገዛም። ባቡሩ መጣ፣ ሄደ። ከዚያ አንድ ቀን አዴ ዘይነባ ከባቡር ጣቢያው፣ ከለገሀሬ ስትመጣ ወደ ቤቷ ሳትገባ በቀጥታ ወደ እኛ ግቢ ገባች፤ ጨርቅም ሳሙናም አልያዘችም፣ የእናቴን ቦርሳ ብቻ ነው የያዘችው። ትኩሳት ነው አሉ። እዚያው ቀበሯት። ከቦርሳው ውስጥ ልብሷና ያ ትንሽ ቴፕ ነበር። አዴ ዘይነባ እያለቀሰች ስታወራ፣ እናቴ ባቡር በገባ ቁጥር ጣቢያ ድረስ እየሄደች "ካሴት አለ?" ትላት እንደነበር ተናገረች። ማንንም ለመውቀስ ብላ አይደለም የተናገረችው፣ ሐዘን አስለፍልፏት ነው። አብቲ ረሺድ መሬት መሬት ሲያይ አየሁት። ነገሩ የገባን እኔና እሱ ብቻ ነን፤ ሌላው ሰው ሰማ እንጂ ምን ማለት እንደሆነ አላወቀም።

ተዚያው ላይ፣ ለቅሶው ላይ፣ ግቢው በሴት ተሞላ። ቁርኣኑ ተቀርቶ ሲያበቃ አንዷ አሮጊት "የፋጡማን ድምፅ እንኳ አንድ ጊዜ ብንሰማው" አለች። ያ ካሴት ዘፈን ተቀድቶበታል፤ እኔ አውቃለሁ፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ልጅ ነበርኩ፤ ከሞተች በኋላ አብቲ መልሶ ያስቀመጣት መሰለኝ። ትልቅ ሰው አንድ ነገር ካበላሸ የሚያስተካክለው ይመስለኝ ነበር። ሄጄ ካሴቱን አመጣሁ፣ ከቦርሳው በመጣው ትንሽ ቴፕ ውስጥ ከትቼ ከሴቶቹ መሐል አስቀመጥኩና ቁልፉን ተጫንኩት።

ከበሮው መጣ። ቀጥሎ ኦርጋኑ።

የግቢው ሴት ሁሉ ደነገጠ። አንዷ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፣ ሳቁን መያዝ አልቻለችም፤ ሌላዋ "አዑዙ ቢላህ!" አለች። አብቲ ረሺድ ከወንዶቹ በኩል እየሮጠ መጥቶ አጠፋውና ክንዴን ይዞ አስነሣኝ። ሁሉም ያየዋል። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅበት፣ "እኔ ነኝ" ማለት። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀና ለሴቶቹ እንዲህ አለ፦

"ልጅ ናት፣ አታውቅም። ዘፈን ትወዳለች።"

በዚህ ዓረፍተ ነገር ነው ያደግኩት። በእናቷ ተዚያ ላይ ዘፈን የከፈተች ልጅ። ውሃ ስቀዳ ይሉኛል፣ ሱቅ ስላክ ይሉኛል፣ ትምህርት ቤት የተጣላችኝ ልጅ ሁሉ መጀመሪያ የምትወረውረው ድንጋይ ይሄ ነበር። ድሮም የማይፈታው አፌ ጭራሹን ተዘጋ። አስተማሪ ሲጠይቀኝ እያወቅሁ አልመልስም ነበር፤ ስድስተኛ ክፍል ላይ "ይቺ ልጅ ትምህርት አይገባትም፣ እጇ ግን ጥሩ ነው" ተብሎ ስፌት ተላክሁ። እጄ እውነትም ጥሩ ነው።

ካሴቱን ከቆሻሻ ላይ ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ አብቲ ከዚያ በኋላ ሊያየው አልፈለገም። በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከትንሹ ቴፕ ጋር ደበቅሁት። አንድ ቀን ከሰዓት፣ ድሬ በሯን ዘግታ በምትተኛበት ሰዓት፣ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ከፈትኩት። ላጠፋው ፈልጌ ሊሆን ይችላል፣ ሪባኑን ጎትቼ ላወጣው። ዘፈኑ ሄደ፣ ሄደ፣ ሰውዬው ለመጨረሻ ጊዜ አዚሞ ጨረሰ። ከዚያ "ቋ" የሚል ድምፅ መጣ፣ አብቲ ቁልፉን ያነሣበት ነው። ከዚያ ቬንቲላተሩ ይንቋቋል። ከዚያ እናቴ፦

"…አደራ ከዚራ።" ትንሽ ሳል። "ይዞራል? ይሄ ነገር ይዞራል?… ይዞራል።"

ከዚያ ካሴቱ ያልቃል።

ዘፈኑ ከእናቴ ትንሽ አጥሮ ነበር። ይህችን ታህል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷን ለማግኘት መንገዱ አንድ ነው፣ በዚያ ዘፈን ውስጥ ማለፍ አለብኝ። ካሴቱን ወደ ፊት ባሮጠው ሊበጠስ ይችላል ብዬ ስለምፈራ ሁልጊዜ ከዘፈኑ መጀመሪያ ነው የምጀምረው። ያጠፋትን ዘፈን በሙሉ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ፣ ከበሮውን፣ ኦርጋኑን፣ የሰውዬውን ልመና፣ ዘፈኑ ላይ ያለችውን ረጅም ልጅ ነይ ነይ የሚላትን፤ ከዚያ እናቴ ትመጣለች፣ ሳትቆይ ትሄዳለች። ካሴቱ እንዳያልቅብኝ ብዬ በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ነበር የማወጣው። ስልክ ስገዛ ዘፈኑን ስልኬ ላይ ጫንኩት። ስልኩ ላይ እሷ የለችም። ግን ዘፈኑ ሲያልቅ የት እንደምትመጣ ስለማውቅ ልቤ ራሱ ይዘፍነዋል። ሱቅ ውስጥ የሚያስለቅሰኝ ዘፈኑ አይደለም፣ ከዘፈኑ በኋላ ያለው ፀጥታ ነው። ለማንም አልነገርኩም። ለአብቲ በተለይ አልነገርኩም። የሱ እህት መሆኗን አውቃለሁ። አልነገርኩትም፣ በቃ።

ዘንድሮ የአብቲ ረሺድ ልጅ ነኢማ ልታገባ ሆነ። ልብሷን እኔ ነኝ የሰፋሁት፣ እንደ እህቴ ናት፣ በሷ ምንም የለኝም። አብቲ አርጅቷል፣ ሽቶው ግን አላረጀም። ባጃጆቹ የድሮ ዘፈን መክፈት ሲጀምሩ እሱም የወጣትነቱ ዘመን ትዝ አለውና ለሠርጉ ያንን ዘፈን "ከኦርጂናሉ ካሴት" ካላሰማሁ አለ። ከስልክ ላይ ቢወስደው ያው ነበር። እሱ ግን ካሴት አለኝ ማለት ፈለገ፣ ለጓደኞቹ። እኔ ሥራ ላይ ሆኜ ክፍሌ ገብቶ፣ ካሴቱን ከቆሻሻ እንዳነሣሁት ድሮ አይቶ ኖሯል፣ ቆርቆሮውን ከፍቶ ካሴቱን ወሰደና ከካሴት ወደ ፍላሽ የሚገለብጥ አንድ ሱቅ ሰጠው።

ከኒካው በፊት ባለው ቀን፣ ከአስር ሰዓት በኋላ ነው፣ ዳሱ ተተክሎ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሴቶቹ ሙሸበክ ጣፋጭና ሻይ ይዘው በአንድ በኩል፣ ወንዶቹ በሌላ በኩል ሆነው ድምፅ ማጉያው ሲሞከር ከሥራ ገባሁ። ያ ዘፈን እየሄደ ነበር። አብቲ መሐል ላይ ቆሞ እጁን እያወዛወዘ ይሞቃል፣ ጓደኞቹ "ዋሪያ ረሺድ፣ ጎረምሳ!" ይሉታል። ዘፈኑ አለቀ። እኔ እንደ ልማዴ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ። "ቋ" አላለም። ቬንቲላተሩ አልመጣም። ሌላ ዘፈን ጀመረ።

"ጥራቱን አያችሁ?" አለ አብቲ ካሴቱን ከሸሚዙ ኪስ አውጥቶ እያሳያቸው። "ወላሂ ልጁ ጎበዝ ነው! መጨረሻው ላይ የነበረውን ኮተት ሁሉ ቆርጦ አጽድቶልኛል።"

 ያን ሁሉ ሰው ፊት ቆሜ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ድምፄ ራሴን እስኪያስደነግጠኝ ድረስ ጮህኩ፦

"ያ ኮተት እናቴ ናት!"

አንዱ ድምፅ ማጉያውን አጠፋው።

"ምን አልሽ?"

"እህትህ ናት አልኩ። ካሴቱን አምጣ።"

"አቦ ሰሙ፣ አብሽሪ፣ የሠርግ ቤት ነው…"

"አብሽሪ አትበለኝ! ተዚያው ላይ የተሰማውን ያንን ዘፈን የቀዳሁት እኔ አይደለሁም፤ አንተ ነህ። በእናቴ ድምፅ ላይ ነው የቀዳኸው። እሷ ጣቢያ እየተመላለሰች ካሴት አለ ወይ ስትል ካሴቱ ያንተ ቴፕ ውስጥ ነበር። እኔ ዘፈን አልወድም ነበር! እናቴን ላሰማቸው ነው የከፈትኩት!"

ሌላም ብዙ ተናገርኩ፣ ሁሉንም አላስታውሰውም። ነኢማ እጇ ላይ ሂናው ሳይደርቅ ተነሥታ ቆማ ነበር። አዴ ዘይነባ አርጅታ በወንበር ላይ ናት፣ ጆሮዋ ትንሽ ደክሟል፣ "ምን አለች? ምን አለች?" ትላለች፤ አጠገቧ ያለችው ስትነግራት እጇን ጭኗ ላይ መታች። "ያ ረቢ! እኔ እኮ ነኝ ስጠየቅ የኖርኩት!" አለች።

ካሴቱን ከእጁ ወስጄ ከክፍሌ ትንሹን ቴፕ አመጣሁ። ካሴቱ ውስጡ አልተነካም፤ ሱቁ የቆረጠው ከፍላሹ ላይ ብቻ ነው። የዘፈኑ ጫፍ ላይ ነበር የቆመው። ተጫንኩት። ሰውዬው አዚሞ ጨረሰ፣ "ቋ" አለ፣ ቬንቲላተሩ ተንቋቋ።

"…አደራ ከዚራ። ይዞራል? ይሄ ነገር ይዞራል?… ይዞራል።"

አብቲ ረሺድ ቀስ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ፣ በዚያ በተተኮሰ ሱሪው። ፊቱ የማላውቀው ፊት ሆነ። ለመጀመሪያ ጊዜ እናቴን መሰለ። "ፋጡም" አለ። ከዚያ እንደ ልጅ፣ "ድገሚው" አለኝ።

ልደግመው እችል ነበር። እስክሪብቶ አስገብቼ ትንሽ ብመልሰው ወዲያው ትመጣለች። እኔ ግን እስክሪብቶውን እያዞርኩ፣ እያዞርኩ፣ እስከ ዘፈኑ መጀመሪያ ድረስ መለስኩት።

"ከመጀመሪያው ነው የምትሰማው" አልኩት። "እኔ እንደዚያ ነው የማገኛት።"

ከበሮው መጣ። ያ ሁሉ ዘመድ በቆመበት፣ አብቲ የወጣትነቱን ዘፈን አንገቱን ደፍቶ ከዳር እስከ ዳር ሰማ። ማንም እጁን አላወዛወዘም። እንደዚያ ቀን ያ ዘፈን ረዝሞ አያውቅም።

በኋላ ሽማግሌዎቹ ይቅር በይው አሉኝ። እሱም ዓይኑ ቀልቶ አንድ ነገር ተናገረ፤ "እኔ ባልቀዳበት አንቺ መልስ ትቀጂበት ነበር፣ እሷም እዚያ ታጠፋው ነበር፣ ይህችም አትተርፍም ነበር" አለኝ። እውነቱን ነው። ብዙ ጊዜ ራሴም አስቤዋለሁ። እውነት መሆኑ ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ። ያጠፋው ሰው ላተረፈው ፍርፋሪ ምስጋና ይፈልጋል። እኔ የቀዳሁበት ቢሆን ኖሮ እናቴ ድምፄን ሰምታ ነበር የምትሞተው። ዘፈኗን መልሼ ስዘፍንላት ሰምታ።  ነኢማን ግን ጉንጯን ስሜ ዳርኳት፣ ልብሷ ላይ አንድ ጠብታ አላስነካሁም።

አሁን የካሴቱን ጥርሶች ሰብሬያለሁ። ነኢማም የመጨረሻዋን ቁራጭ ስልኬ ላይ ቀዳችልኝ፤ ከፈለግሁ ያለ ዘፈኑ ልሰማት እችላለሁ። ሞከርኩት። ልኬቷን ያወቅሁት ያኔ ነው። እናቴ ተብላ የቀረችኝ መርፌ ውስጥ ክር እስካስገባ ድረስ ናት፤ ክሩ ገብቶ ስስበው አልቃለች። ሳቋ የለም፣ እመቤቲቱን ስታስመስል የለም፣ ጉንፋን ይዞሻል ያለችኝ የለም፣ ካሴት ሙሉ ሴትዮ ነበረች።

ከሥራ ስመለስ እግሬ ደክሞም ቢሆን ባጃጅ ትቼ በከዚራ በኩል ነው የምሄደው። አንዳንዶቹን ዛፎች ቆርጠዋቸዋል፣ ክፍተቱ ላይ ስደርስ ፀሐይዋ ጭንቅላቴን ታገኘዋለች፣ ከዚያ ደግሞ ጥላው ይቀጥላል። ከኋላዬ ባጃጅ ያንን ዘፈን ይዞ ይመጣና ዘፈኑ ሳያልቅ ይታጠፋል። ልጅ ሆኜ፣ እናቴ ስትዘፍን፣ ወንድም እያላት፣ ጎረቤት እያላት፣ ለምን እኔን ለዛፍ አደራ እንደሰጠች አይገባኝም ነበር። አሁን ይገባኛል። ዛፎቹ የቻሉትን ያህል አጥልተውልኛል። አደራ የሚበላው ሰው ነው።